ያልተጠየቀው ጥያቄ፦ የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት ታሪክና ጥንቃቄው ከሐረር ሲታይ

(በሐረር ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ስለዚህ ርእሰ ጉዳይ እንድናገር ስጠየቅ በመጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ይህ በአደባባይ ይነገራልን?» የሚል ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ያው ጥያቄ የንግግሬ መነሻ እንደ ሆነ ተረዳሁ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። በእኛ ዘመን ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግር ተፈጥሯል፤ በሽታውን ደብቆ መድኃኒቱን ማግኘት ተችሏል። ዛሬ የማወሳው ይህ እንዴት እንደ ሆነና ምን እንደሚያስከትል ነው።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ከጀጎል ግንብ ውጭ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ወጣት መድኃኒት አዳይ ነበርሁ። አንድ ቀን ምሽት፣ የበርጫው ሰዓት አልቆ ሰው ወደየቤቱ በሚመለስበት ጊዜ፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ገቡ። ሁለት እናቶች መድኃኒታቸውን ተቀብለው እስኪወጡ ድረስ የሳሙናውን መደርደሪያ ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ያቺን ነገር ስጠኝ» አሉኝ። ገባኝ። ማዘዣ አልጠየቅሁም፤ ዐይናቸውንም አላየሁም። አክብሮት የመሰለኝ ይህ ነበር። ሁለት ፍሬ ቆርጬ በወረቀት ጠቅልዬ «ይኸው አባባ» ብዬ ሰጠኋቸው።

በማግሥቱ ልጃቸው መጣና «ለአባቴ የሰጠኸው ምንድን ነው?» አለኝ። ሰውዬው ሌሊቱን ደረታቸውን አሟቸው፣ ከምላሳቸው ሥር የሚያደርጓትን የልብ ክኒናቸውን ወስደው ወዲያው ራሳቸውን ስተው ወድቀው ነበር። ሆስፒታል በጊዜ ስለ ደረሱ ተረፉ። ከሳምንት በኋላ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃቸው የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ «ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር።»

ያን ቀን ያልጠየቅሁት ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው።

የታሰረው ወንድና የቃዲው አንድ ዓመት

ዛሬ ስንፈተ ወሲብ የምንለው፣ ለግንኙነት የሚበቃ የብልት መቆምን ማግኘት ወይም ጠብቆ ማቆየት አለመቻል፣ በሰው ልጅ ዘንድ አዲስ አይደለም። አዲሱ ስያሜው ነው። በሀገራችን የክርስቲያን ደጋ ሕዝብ ዘንድ የቆየው አነጋገር ሰውዬው «ታስሯል» የሚል ነው። አሳሪ አለ፤ ቀናተኛ፣ ባላንጣ፣ ወይም የተተወች ሴት። ስለዚህም መፍትሔው ፈቺ መፈለግ ነው። መፍትሔ ሥራይ በመባል የሚታወቁት ጽሑፎች ስማቸው ራሱ ይህን ይናገራል። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትረልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 በሁለት ቅጽ ባሳተመው የኢትዮጵያ የሕክምናና የዕፀዋት ጽሑፎች ጥናት እንደሚታየው፣ የደብተሮቻችን የመድኃኒት መጻሕፍት ሥርንና ቅጠልን ከጸሎትና ከአስማት ጋር አጣምረው ያዛሉ።

በሐረር ደግሞ ሌላ የሊቃውንት ትውፊት ነበር። ከተማዋ ለዘመናት የእስልምና ትምህርት ማእከል ሆና ኖራለች፤ በስፋት የሚሠራበት መዝሀብም የሻፍዒ ነው። በዚህ የሕግ ትምህርት ባሏ ዒንኒን፣ ማለትም ለግንኙነት የማይችል፣ የሆነባት ሴት ወደ ቃዲ የመቅረብ መብት አላት። ቃዲው ወዲያው አያፋታም፤ አንድ ዓመት ይሰጣል። ሊቃውንቱ ለዚህ የሰጡት ምክንያት የሕክምና ምክንያት ነው፤ ችግሩ ከሙቀት፣ ከብርድ፣ ከድርቀት ወይም ከርጥበት የመጣ ከሆነ አራቱ የዓመቱ ወቅቶች ሲፈራረቁ አንዱ ያሽረዋል፤ ካልሻረ ከተፈጥሮ ነው ማለት ነው ይላሉ።

በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአራቱ ባሕርያት ሕክምና ዛሬ ተቀባይነት የለውም። ነገር ግን ከዚያ ሥርዐት ውስጥ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ጉዳዩ በሚታመን ሰው ፊት በቃል ይነገር ነበር። ሁለተኛ፣ «ይህ ከምን መጣ?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ከመድኃኒቱ በፊት ምክንያቱ ይቀድም ነበር።

መድኃኒት በከተማይቱ

ሐረር የንግድ ከተማ ናት። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ በሮች በኩል ቡናና ጫት ይወጣ፣ ጨርቅ፣ ቅመምና ዕጣን ይገባ ነበር። መድኃኒትም ከቅመሙ ጋር አብሮ የሚሸጥ ሸቀጥ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ወደ ከተማዋ ሲገባም ያገኘው ይህንኑ የገበያ ከተማ ነው።

የዘመናዊ ሕክምና ታሪካችንም ከዚህች ከተማ ጋር የተያያዘ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በራስ መኰንን የአስተዳደር ዘመን፣ ከፈረንሳይ የካሪቢያን ደሴቶች የመጣው ሐኪም ዮሴፍ ቪታሊያን በሐረር ሠርቷል፤ በራስ መኰንን ስም የሚጠራ ሆስፒታልም በዚያ ዘመን ተቋቁሟል። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲደርስ የውጭ ሸቀጥ፣ መድኃኒት ጭምር፣ ከጅቡቲ ወደ ምሥራቁ የሀገራችን ክፍል የሚገባበት መንገድ አጠረ። በአዲስ አበባም ጆርጂያዊው ዶክተር መራብ እ.ኤ.አ. በ1910 የጆርጂያ ፋርማሲ የተባለውን መድኃኒት ቤት ከፈተ።

ሕጉ ንግዱን ተከትሎ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 288 የፋርማሲን ሥራ በደንብ ሥር አደረገ። ከዚያ በኋላ አዋጅ ቁጥር 176/1991፣ አዋጅ ቁጥር 661/2002፣ በመጨረሻም ዛሬ የምንሠራበት አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በተከታታይ ወጡ። የሁሉም መሠረተ ሐሳብ አንድ ነው፤ መድኃኒት እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ገዥና ሻጭ ብቻ ተስማምተው የሚለዋወጡት ነገር አይደለም። በመካከላቸው የሚጠይቅ ባለሙያ መኖር አለበት።

ከፈንጂ እስከ ክኒን

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ታሪኩ የሚጀምረው ከማይጠበቅ ቦታ፣ ከፈንጂ ነው። ናይትሮግሊሰሪን አልፍሬድ ኖቤል ዲናሚትን የሠራበት ንጥረ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሙሬል እ.ኤ.አ. በ1879 ይኸው ንጥረ ነገር በጥቂቱ ሲወሰድ የልብ የደም ሥር ጥበት የሚያስከትለውን የደረት ሕመም እንደሚያስታግሥ ጻፈ። ኖቤል ራሱ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ልቡን ሲታመም ሐኪሞቹ ያዘዙለት ይህንኑ ነበር። ለምን እንደሚሠራ ግን መቶ ዓመት ያህል ያወቀ አልነበረም። ምክንያቱ የተገኘው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ የደም ሥሮችን ጡንቻ እንደሚያላላ ሲታወቅ ነው። ለዚህ ግኝት ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 ተሸለሙ፤ የተሸለሙትም በዚያው በኖቤል ስም የሚሰጠውን ሽልማት ነው።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር፣ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1998፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሲልደናፊልን፣ በንግድ ስሙ ቪያግራን፣ ፈቀደ። ይህ መድኃኒት በፋይዘር ኩባንያ የእንግሊዝ ቤተ ሙከራ ሲሠራ የታሰበው ለደም ግፊትና ለልብ የደረት ሕመም ነበር። ለልብ ያን ያህል አልጠቀመም፤ በሙከራው የተሳተፉ ወንዶች ግን ሌላ ውጤት እንዳዩ ተናገሩ። ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ የታወቀው ሰዎቹ ስለ ተጠየቁና ስለ ተናገሩ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። ስሜት ሲነሣ በብልት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቀቃል፤ ይህም የደም ሥሮችን የሚያላላ መልእክተኛ ኬሚካል እንዲፈጠር ያደርጋል። ያንን መልእክተኛ የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ። ሲልደናፊል ኢንዛይሙን ያግደዋል፤ ስለዚህ ደሙ ይገባል፤ ይቆያልም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መድኃኒቱ ፍላጎትን አይፈጥርም፤ ስሜት ከሌለ አይሠራም። ሁለተኛው ደግሞ መድኃኒቱ የደም ሥር መድኃኒት መሆኑ ነው። ሲልደናፊል ዛሬ በሌላ መጠን ለሳንባ የደም ሥሮች ግፊት የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

ከናይትሬት ጋር ያለው አደጋም ከዚሁ ይመነጫል። ናይትሮግሊሰሪንና እንደ ኢሶሶርባይድ ዳይናይትሬት ያሉ ዘመዶቹ መልእክተኛውን ያበዛሉ፤ ሲልደናፊል እንዳይጠፋ ያደርገዋል። ሁለቱ ሲገናኙ በመላ አካላት ያሉ የደም ሥሮች ባንድ ጊዜ ይላላሉ፤ የደም ግፊት ይወድቃል፤ ልብም ሆነ አንጎል ደም ያጣል። እኒያ አባት ግቢያቸው ውስጥ የወደቁት በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ በዋለ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ገደማ ለአስተዳደሩ ከቀረቡት 130 የሞት ሪፖርቶች ውስጥ 16ቱ ናይትሬት የወሰዱ ወይም የተሰጣቸው ሰዎች ነበሩ። ሪፖርት ብቻውን መድኃኒቱ ገደለ ለማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙዎቹ አስቀድሞም የልብ ሕሙማን ነበሩ። ነገር ግን የናይትሬቱ ክልከላ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፈ መሆኑን አስቡ። ጽሑፉ ነበረ፤ በየመድኃኒት ቤቱ የሚጠይቅ ሰው ግን ሁልጊዜ አልነበረም።

ክኒኗ ወደ ምሥራቅ ስትመጣ

ሕንድ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ ለመድኃኒት ውጤቶች የፈጠራ መብት ጥበቃ አትሰጥም ነበር፤ ኩባንያዎቿም ሲልደናፊልን በርካሽ አመረቱት። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ቫርደናፊልና ታዳላፊል ተጨመሩ። ርካሽነቱ በራሱ በጎ ነገር ነው፤ የታመመ ሰው አቅሙ በሚፈቅደው ዋጋ ሕጋዊ መድኃኒት ማግኘት አለበት። ችግሩ እፍረትና ርካሽነት ሲገናኙ የሚፈጠረው ገበያ ነው። የሚያፍር ሰው አይጠይቅም፣ አያማርርም፣ ደረሰኝም አይቀበልም። ለሐሰተኛ መድኃኒት ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ የለም። ከወደብ በሚመጡ የኮንትሮባንድ መንገዶች አቅራቢያ ለሚኖር የምሥራቅ ሕዝብ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አደጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ከሲንጋፖር እንማር። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት የስኳር በሽታ የሌለባቸው 150 ሰዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር እጅግ ወርዶ ወደ ሆስፒታሎች ገቡ። ሰባቱ ከሰመመን ሳይነቁ ቆዩ፤ አራቱ ሞቱ። ሲመረመር፣ ለወሲብ ብርታት ተብለው በድብቅ በተሸጡ ሐሰተኛ ክኒኖችና «የዕፀዋት» ዝግጅቶች ውስጥ ግሊበንክላማይድ የተባለ የስኳር በሽታ መድኃኒት በብዛት ተቀላቅሎ ተገኘ። «ከቅጠል የተሠራ ነው፤ ጉዳት የለውም» የሚለው ማስታወቂያም እንዲሁ ያታልላል፤ በልዩ ልዩ ሀገሮች በተመረመሩ እንዲህ ባሉ ዝግጅቶች ውስጥ ያልተገለጸ ሲልደናፊል በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ናይትሬት የሚወስድ ሰው ከኪኒን ሸሽቶ ወደ ማሩና ወደ ዱቄቱ ሲሄድ የሸሸውን ነገር ሊውጥ ይችላል ማለት ነው።

ስለ ጫቱ አንድ ቃል

በሐረር ቆሜ ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። ጫት በሀገራችን ጽሑፍ ውስጥ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል፤ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ የይፋቱ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት መዛቱ ተመዝግቧል። በዚህች ከተማ በርጫ የወዳጅነት፣ የጸሎትና የሽምግልና ማዕድ ሆኖ ኖሯል፤ ይህን ለመንቀፍ አልመጣሁም።

እንደ ፋርማሲ ሰው ግን መናገር ያለብኝ አለ። በትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነው፤ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥሮችንም ያጠብባል። ሲልደናፊል ደግሞ የደም ሥሮችን ያላላል። ከበርጫ ተነሥቶ ክኒን የሚውጥ ሰው ለአንድ ልብ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ ይሰጣል። ልቡ ጤነኛ ከሆነ ይቋቋመው ይሆናል፤ የተደበቀ የልብ በሽታ ካለበት ግን ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። ምሽቱን በመጠጥ «ጫቱን ለመስበር» ከተሞከረ ደግሞ የደም ግፊት መውደቅ ይጨመርበታል። እነዚህን ማራራቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሐኪሙ «እቅማለሁ» ብሎ መናገር ይገባል። ሐኪሙም ሳይፈርድ መስማት ይገባዋል።

ምን እንጠይቅ?

እናንተ ነገ መስኮቱ ላይ የምትቆሙ ተማሪዎች፣ የሚከተሉትን በቃላችሁ ያዙ።

አስቀድማችሁ ስለ ልብ ጠይቁ። «ደረትዎን ያምዎታል? ከምላስ ሥር የሚደረግ ወይም ሌላ የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ናይትሬት የሚወስድ ሰው ይህን መድኃኒት አይወስድም፤ በመጠን ማነስ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። በተቃራኒውም ሲልደናፊል የወሰደ ሰው ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ ታዳላፊል የወሰደ ደግሞ ቢያንስ ለ48 ሰዓት ናይትሬት ሊሰጠው አይገባም። ስለዚህ ደረቱን ታሞ ሆስፒታል የሚገባ ሰው የወሰደውን ክኒን ለሐኪሙ መናገሩ ሕይወቱን የሚያድን ቃል ነው። ሁለት ፎቅ ደረጃ ወይም የጀጎልን ዳገታማ መንገድ ፈጠን ብሎ ሲወጣ ደረቱን የሚያመው ሰው ከክኒኑ በፊት የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ ስለ ሌሎች መድኃኒቶች ጠይቁ። ለፕሮስቴት ዕብጠትና ለደም ግፊት የሚሰጡ አልፋ አጋጆች ከዚህ ጋር ሲሆኑ ግፊቱን ይጥላሉ። ሪቶናቪር ያለባቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች፣ ኪቶኮናዞልና ኤሪትሮማይሲን የሲልደናፊልን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋሉ፤ ሪቶናቪር የሚወስድ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከ25 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም።

ስለ መጠኑ ደግሞ፣ የሲልደናፊል የተለመደው መነሻ 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከግንኙነት አንድ ሰዓት ገደማ በፊት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ሳይሆን ይወሰዳል። ከፍተኛው 100 ሚሊ ግራም ነው፤ ለአረጋውያንና የጉበት ወይም ከባድ የኩላሊት ችግር ላለባቸው 25 ሚሊ ግራም ይመረጣል። ቅባት የበዛበት ምግብ ሥራውን ያዘገየዋል፤ «አልሠራልኝም» ብሎ ሁለተኛ የሚደግመው ብዙ ሰው የቸኮለ ሰው ነው። ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት፣ የአፍንጫ መታፈን የተለመዱ ናቸው። ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ የብልት መቆም፣ ድንገተኛ የዐይን ወይም የጆሮ መጥፋት፣ የደረት ሕመም ግን ያለ መዘግየትና ያለ እፍረት ሆስፒታል ያስኬዳሉ።

በመጨረሻም ምክንያቱን ጠይቁ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ ጭንቀት፣ አንዳንዴም ለሌላ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት የችግሩ ምንጭ ይሆናሉ። የብልት የደም ሥሮች ከልብ የደም ሥሮች ይልቅ ቀጫጭኖች ስለ ሆኑ ጉዳቱ አስቀድሞ በእነርሱ ላይ ይታያል። ስንፈተ ወሲብ ልብ ከመታመሙ ከዓመታት በፊት የሚሰማ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። በድብቅ ክኒን የገዛ ሰው ያን ማስጠንቀቂያ ዝም አሰኝቶ ይሄዳል።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 50 ሚሊ ግራሙ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ ይሸጣል። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያስ ማዘዣ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እዚያ ማዘዣው ሲቀር ጥያቄው አልቀረም፤ ፋርማሲስቱ ስለ ልብና ስለ ሌሎች መድኃኒቶች ጠይቆ ተገቢ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይሸጥም። በእኛ ዘንድ ማዘዣውን ሳይቀበል የሚሸጥ ሰው ጥያቄውንም አብሮ ነው የሚያስቀረው።

ክቡራንና ክቡራት፤ የጥንቱ ቃዲ አንድ ዓመት ሰጥቶ የችግሩን ምክንያት ይጠባበቅ ነበር። እኛ ከእርሱ እጅግ የበለጠ እውቀት አለን፤ እኔ ግን ያን ምሽት አንድ ደቂቃ እንኳ አልሰጠሁም። ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ዓመታት ሰውን ወደ ጎን ጠርቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አባባ፣ ልብዎን ያምዎታል?» ስል የተቆጣኝ ሰው አላጋጠመኝም። ብዙዎቹ ዐረፍ ብለው መናገር ይጀምራሉ። የሚጠብቁት ሰው እንዲጠይቃቸው ነበርና።